ቀን ሳይት፣ ማታ ስፌት፦ የኢንቴሪየር ዲዛይን ስራችሁን ሳትለቁ የልጆች ልብስ እንዴት ትሰፋላችሁ

ጳጉሜን 3 ቀን ነበር። ቦሌ አካባቢ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ቆሜ ጂፕሰም ሰሪውን «ወንድሜ ሰዎቹ እኮ ለእንቁጣጣሽ ይገባሉ» እያልኩ እለምናለሁ፣ ስልኬ በየአስር ደቂቃው «እህቴ የልጄ ቀሚስ ደረሰ ወይ?» ይላል፣ ቤት ደግሞ 11 ቀሚስ ገና ሳይቆረጥ ጨርቅ ሆኖ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የዛን ቀን ማታ ነው ነገሩ የገባኝ። ቤቱን የሚያሳምረውም ሰው ለልጁ ልብስ የሚያሰፋውም ሰው የሚያስበው ለአንድ በዓል ነው፣ ስለዚ ሁለቱ ስራዎቼ ዓመቱን ሙሉ ተስማምተው ይቆዩና ልክ በዓል ሲደርስ አብረው ይነሱብኛል።

ስለዚ እዚህ «ሌሊት 10 ሰዓት ተነሱ» የሚል ምክር አታገኙም፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሳይት ላይ ቆሜ ነው የተኛሁት። የማወራው ስፌቱን ከበዓሉ እንዴት እንደምታርቁት፣ ሲደክማችሁ ምን እንደምትሰሩና ምን እንደማትነኩ ነው። የምጽፈው ደግሞ ተቀጥሮ ለሚሰራ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ አንድ የስፌት መኪና ላለው ሰው ነው፣ ምክንያቱም እኔ እንደዛ ስለሆንኩ።

1. መጀመሪያ ያላችሁን ሰዓት ቁጠሩ

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) መደበኛ የስራ ሰዓት በቀን ከ8 በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል፣ ግን ፊኒሺንግ (የማጠናቀቂያ ስራ) ላይ የደረሰ ፕሮጀክት አዋጁን አላነበበውም። ስለዚ በግምት አትስሩ። ለሁለት ሳምንት ስንት ሰዓት ላይ ቤት እንደገባችሁ፣ ከእራት በኋላ በእውነት ስንት ደቂቃ እንደቀራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። እኔ በሳምንት 20 ሰዓት የማገኝ ይመስለኝ ነበር፣ ስቆጥረው 8 ሆነ። ከ8ቱ ደግሞ 2ቱን ለመብራት መጥፋት፣ ለልጅ ትኩሳት፣ ለለቅሶ ምናምን ተዉትና 6 ነው ያለኝ በሉ።

ገበር ያለው አንድ የልጅ ቀሚስ እኔን 3 ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። በ6 ሰዓት ሁለት እንኳን አይሞላም ማለት ነው። ይሄን ቁጥር ስታውቁ «ለቅዳሜ አድርሺልኝ» ለሚላችሁ ሰው መልሱ ራሱ ይመጣል።

እግረ መንገዳችሁን የስራ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ፣ ሌላ ስራ መስራትን የሚከለክል ነገር ካለ ለአለቃችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ ነግሬ ነው የጀመርኩት። የመስሪያ ቤቱን ክላየንት ግን ስብሰባ ላይ «ልጅ አለዎት?» ብሎ ልብስ መሸጥ ነውር ነው፣ ራሳቸው ሰምተው ከመጡ ሌላ ነገር።

2. ዓመቱን ወደኋላ ቁጠሩት

ፕሮጀክት ስንይዝ ከርክክቡ ቀን ወደኋላ ቆጥረን አይደል ስኬጁል የምናወጣው? ልብሱንም እንደዛ ነው። የመጨረሻው ቀን በዓሉ አይደለም፣ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ ምክንያቱም እነዛን ሦስት ሳምንታት ቀጣሪያችሁ ይወስዳቸዋል።

ለእንቁጣጣሽ ግንቦት ላይ ጨርቅ እገዛለሁ፣ ሰኔ ላይ አጥቤ እቆርጣለሁ፣ ሐምሌን እሰፋለሁ። ፍልሰታ ሲገባ ቁልፍና እጥፋት ብቻ ነው የሚቀረኝ፣ ነሐሴ 15 ላይ ትዕዛዝ ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ የእህቴ ልጅም ብትሆን አልቀበልም (አንዴ ተቀብያለሁ፣ እሷን አትጠይቋት)። ለገና የነቢያት ጾም ህዳር 15 ሲገባ መቆረጥ የነበረበት ሁሉ መቆረጥ አለበት። ትልቁ ዕድል ግን ዓቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ሠርግ የለም፣ ድግስ የለም፣ ለልጅ ልብስ በአስቸኳይ የሚጠይቅ ሰው ትንሽ ነው፣ እናንተ ግን ጾሙ ሲፈታ ፋሲካና የሠርግ ወቅት ተከታትለው እንደሚመጡ ታውቃላችሁ። አበባ የሚበትኑ ልጆች ነጭ ቀሚስ ያኔ ተሰፍቶ ተሰቅሎ ካልጠበቀ በኋላ አይደረስበትም። ለጥር ሠርግም እንደዛው፣ ከገና ትዕዛዝ ጋር አብሮ ነው የሚቆረጠው።

ኢድ ደግሞ በኛ አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ አምና የሰራው ስኬጁል ዘንድሮ አይሰራም፣ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ካላንደር ላይ አይታችሁ ምልክት አድርጉ።

ለጀማሪ ደግሞ የምመክረው የክርስትና ልብስ ነው። ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀኗ ስለሚነሱ እናትየው እንደወለደች ከነገረቻችሁ ቀኑ ቁርጥ ያለ ነው፣ ከበዓል ጋር ቢገጥምም አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ለዛ እርጉዝ ደንበኛ ስታገኙ «ሲወለድ ደውዪልኝ» በሏት።

3. ሞዴል ቀንሱ፣ ልክ በቁመት ያዙ

ዲዛይነር ስለሆንን በሽታችን ይሄ ነው፣ እያንዳንዱ ልብስ አዲስ ካልሆነ ደስ አይለንም። እኔ መጀመሪያ ዓመት 14 ሞዴል ነበረኝ፣ 14 ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ቅርጽ)፣ 14 ዓይነት ስህተት። አሁን ሦስት ነው፦ እጅጌ የሌለው ሽንሽን ቀሚስ፣ ላስቲክ ወገብ ሱሪ፣ እና ከኋላ የሚቆለፍ ሸሚዝ። ልዩነቱን በጨርቅ፣ በኪስ፣ በጥለት ነው የማመጣው። አንድ ዓይነት ስድስት ቀሚስ አንድ ላይ ስሰፋ ክሩን ስድስቴ አልቀይርም፣ ካውያውን ስድስቴ አላሞቅም፣ አንዱ ቀሚስ ከ3 ሰዓት ተኩል ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ጊዜ ካገኘሁበት ነገር ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ልክ ስትወስዱ ዕድሜ አትጠይቁ። «የ4 ዓመት» የሚባል ልጅ የለም፣ አንዱ ቀጭን ረጅም ነው፣ አንዷ ድንቡሼ ናት። የአውሮፓ የልጆች ልክ በቁመት ነው የሚሄደው፣ 92፣ 98፣ 104፣ 110፣ 116 እያለ በ6 ሴንቲ ልዩነት፣ 92 በግርድፉ የ2 ዓመት፣ 104 የ4፣ 116 የ6 ነው። እናትየውን «ልጅሽን በር ላይ አስደግፈሽ መጽሐፍ አናቷ ላይ አድርገሽ ምልክት አድርጊ፣ ከዛ ለኪ» በሏት፣ ደረትና ወገብ ጨምሩበት፣ የጭንቅላት ዙሪያም። ጭንቅላት ለምን ትሉ ይሆናል፣ የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲታይ ትልቅ ነው፣ በአንገት በኩል የማያልፍ ቆንጆ ቀሚስ ሰፍቼ አውቃለሁ፣ ልጅቷ ውስጡ ቀርታ እያለቀሰች እናቷ እየሳቀች። ከኋላ ቢያንስ 10 ሴንቲ የሚከፈት ቦታ በቁልፍ አድርጉለት።

ለፓተርን ወረቀት አትግዙ። ቢሮ የሚጣል የፕሎተር (የቤት ፕላን የሚያትመው ትልቁ ማሽን) ወረቀት አለ አይደል፣ ኤ1 ማለት 59.4 በ84.1 ሴንቲ ነው፣ የልጅ ቀሚስ ደረቱም ጀርባውም አንድ ላይ ይገባበታል። እኔ ጀርባው ላይ እስልና ወፈር ያለ ካርቶን ላይ ለጥፌ እቆርጠዋለሁ። ፊቱ ላይ የሰው ቤት ፕላን ስላለ ግን ለማንም አታውሱ።

4. ጨርቁ ላይ አትቸኩሉ

መርካቶ ሄዳችሁ ስትገዙ ጥጥ ነው ቢሏችሁም ጫፉን አንድ ክር መዝዛችሁ ውጭ ላይ አቃጥሉት፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በእጅ ይደቃል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ከዛ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠባል። ይሄን ደረጃ መዝለል አይቻልም። አንድ ሜትር ለክታችሁ በክር ምልክት አድርጉበት፣ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ካውያ ምቱት፣ እንደገና ለኩት፣ 4 ሴንቲ ከጠፋ ቀሚሱ ደንበኛዋ ቤት ሄዶ ነው የሚያጥረው።

ከሽሮ ሜዳ የምትገዙት የእጅ ሽመና ደግሞ ሁለት ጣጣ አለው። አንዱ ጥለቱ ቀለም ሊለቅ ይችላል፣ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ እሹት፣ ቀለም ከያዘ ነጭ ቀሚስ ላይ አታድርጉት። ሁለተኛው፣ ሲቆረጥ ክሩ ይተረተራል። እንደተቆረጠ ወዲያው ጠርዙ መዘምዘም አለበት፣ ነገ እመለስበታለሁ ካላችሁ ነገ ላይ አንድ ሴንቲ ጠፍቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ኦቨርሎክ (ጠርዝ የሚዘመዝም መኪና) ከሌላችሁ አትግዙ፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ በቁጥር አስዘምዝሙ፣ እኔ እስካሁን እንደዛ ነው የማደርገው፣ እሱም ደስ ይለዋል።

አዲስ ሞዴል ከሆነ መጀመሪያ በአቡጀዲ ሞክሩት።

አሁን ስለ መጋረጃና ሶፋ ጨርቅ ላውራ፣ ሁላችንም የምንፈተንበት ነገር ስለሆነ። ፕሮጀክት ሲያልቅ ግማሽ ሜትር፣ ሰባ ሴንቲ የሚያማምር ቁራጭ ይተርፋል። አንደኛ፣ ትርፉ የክላየንቱ ነው፣ ከፍሎበታል፣ ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ሁለተኛ፣ የሶፋ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ የተቀባ ነገር አለው፣ እድፍ እንዳይዝ ወይ እሳት እንዳይዝ በኬሚካል የታከመም አለ፣ ብላክአውት (ብርሃን የማያሳልፍ) መጋረጃም ጀርባው ላስቲክነት ያለው ሽፋን ነው። አየር አያሳልፍም፣ ያልባል፣ የልጅ ቆዳ ላይ የሚሆን አይደለም። ከተፈቀደላችሁ ቦርሳ ስሩበት፣ የቀሚሱ ማስቀመጫ ይሆናል።

5. ማታ መቀስ አይነካም

አንድ ጊዜ ከሳይት መጥቼ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ቀይ ከፈይ ለገና ቆረጥኩ። አራት ቀሚስ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገጣጥሜ ቀን ብርሃን ላይ ስሰቅለው የቀሚሱ ፊት ደም የመሰለ ጥቁር ቀይ፣ የኋላው ደግሞ ብርማ ሮዝ ይመስላል። ያው ጨርቅ ነው እኮ! ከፈይ ፀጉር ስላለው ፀጉሩ ወደላይ ሲሆንና ወደታች ሲሆን ብርሃን የሚመልስበት መንገድ ይለያያል፣ እኔ ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን ገልብጬ ነበር የቆረጥኩት። ለሶፋ ከፈይ ስንመርጥ ክላየንቱን በእጄ እየዳበስኩ የማስረዳው ነገር ነው። አውቀዋለሁ። ግን ደክሞኝ ነበር።

ከዛ ወዲህ ስራውን በድካም ነው የምከፍለው። ቅዳሜ ከሰዓት ወይ እሁድ ቀን ብርሃን እያለ፦ ልክ፣ ፓተርን ማስቀመጥ፣ መቁረጥ፣ ቀለም ማዛመድ፣ አንገትና እጅጌ መግጠም። በአዘቦት ማታ፦ ቀጥ ያለ ስፌት፣ ጎን መዝጋት፣ ላስቲክ ማስገባት፣ ካውያ። በጣም ሲደክማችሁ፦ ክር መልቀም፣ ቁልፍ መትከል፣ ማሸግ። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ማታ የምትሰፉ ሰዎች ዓይናችሁን ትከፍሉበታላችሁ፣ አታድርጉት።

ሁሉንም የተቆረጠ ልብስ በየራሱ ፌስታል አድርጉት፣ ክሩን፣ ቁልፉን፣ ላስቲኩን ተለክቶ ከውስጥ፣ ላዩ ላይ የቀረውን ስራ የምትጽፉበት ቁራጭ ወረቀት። ላስቲክ ከወገብ ልኩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ቀንሳችሁ ቁረጡት። ፌስታሉን አንስታችሁ መኪናው ላይ ስትቀመጡ «የት ነበርኩ» የሚል ሃሳብ መኖር የለበትም፣ ከአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ደቂቃ የሚበላው እሱ ነው።

6. ቦታ፣ ማለትም ሙያችን

የሰውን ቤት እያሳመርን የራሳችን ስፌት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ያሳዝናል። ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የሚንጠለጠል የኤምዲኤፍ (የታመቀ እንጨት) ጠረጴዛ አሰሩ፣ 75 በ150 ሴንቲ ይበቃል፣ 150 ወርድ ያለው ጨርቅ ሁለት ሲታጠፍ 75 ስለሚሆን ልክ ይቀመጥበታል። ከፍታው ለመቁረጥ 90 ገደማ ይሁን፣ ወገብ እንዳይጎብጥ፣ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ግን 72፣ 75 ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ አትሞክሩ፣ አንዱ ጀርባችሁን ይገድላል። መብራቱ ነጭ ይሁን፣ ከግራ በኩል ይምጣ፣ ግራ እጅ ካልሆናችሁ።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከታች ያሉት ጎረቤቶች አሉ። የድሮ ሲንጀር የእግር መኪና መሬቱን እንደ ከበሮ ነው የሚመታው። ከስሩ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ ስር ላስቲክ አድርጉ፣ ከ4 ሰዓት ማታ በኋላ ደግሞ የእጅ ስራ ብቻ። የኔዋ እማማ አንድ ቀን በጠዋት አንኳኩተው «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ምን ትፈጪያለሽ?» ብለውኛል።

7. ከመስጠታችሁ በፊት እንደ ርክክብ ፈትሹት

ቤት ስናስረክብ ስናግ ሊስት (የቀሩና የተበላሹ ነገሮች ዝርዝር) ይዘን አይደል የምንዞረው፣ ልብሱንም ገልብጣችሁ ዙሩት። ስፒል ቀርቶበታል? ክር ጣት የሚጠመጥም ቋጠሮ ሰርቷል? ቁልፉን ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት፣ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከተነቀለ ወዲያው አፍ ውስጥ ነው። አንገት አካባቢ የሚታሰር ገመድና ሪባን ለትንንሽ ልጅ አታድርጉ፣ የአውሮፓ ስታንዳርድ እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ ኮፍያና አንገት ላይ ገመድ አይፈቅድም፣ መወጣጫ ላይ ተይዞ ስለሚያንቅ ነው። እናቶች ሪባን ይወዳሉ፣ ከኋላ ተሰፍቶ የማይፈታ ቢራቢሮ አድርጉላቸው፣ ያው ነው የሚያምረው።

እጥፋቱን ደግሞ 5 ሴንቲ አድርጉት። ልጅ ያድጋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይለቀቃል። አንዲት ደንበኛዬ አንዱን ቀሚስ ሦስት እንቁጣጣሽ አልብሳዋለች፣ የምትመለሰውም ለዛ ነው።

8. ዋጋ

«ለመዝናኛ ነው የምሰፋው» የምትሉ ከሆነ ዝለሉት። ካልሆነ ሰዓታችሁን በደመወዛችሁ ዋጋ ቁጠሩት። በሳምንት 48 ሰዓት በወር 208 ይሆናል። ለምሳሌ ደመወዝ 25,000 ብር ቢሆን ለ208 ሲካፈል በሰዓት 120 ብር ነው፣ 3 ሰዓት ተኩል የፈጀ ቀሚስ የእጅ ዋጋው ብቻ 420 ብር ነው ማለት ነው። ከዛ ጨርቅ፣ ገበር፣ ክር፣ ቁልፍ፣ ማስዘምዘሚያ፣ የመርካቶ ትራንስፖርት፣ ላዩ ላይ ለብልሽት 10 በመቶ። ለፕሮጀክት ቢኦኪው (የዕቃና የስራ ዝርዝር ከነመጠኑ) ስንሰራ ምስማር እንኳን የምንቆጥር ሰዎች ነን፣ ለራሳችን ሲሆን ዚፕ እንረሳለን።

ዋጋ ከተናገራችሁ በኋላ ጨርቅ አትግዙ፣ ገዝታችሁ ተናገሩ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዚፑም ሳቲኑም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ በድሮ ዋጋ የተቀበልኩት ትዕዛዝ ነበረኝ፣ ከኪሴ ጨምሬ ነው ያስረከብኩት።

9. ትዕዛዝ፣ ቀብድና «አልችልም»

ትዕዛዝ የምቀበለው ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ነው፣ እሁድ ማታ። በሌላ ቀን ለሚመጣ መልዕክት «እሁድ እመልስልሻለሁ፣ እናመሰግናለን» የሚል የተዘጋጀ ጽሑፍ አለኝ፣ ኮፒ አድርጌ እልካለሁ። ይሄን ከመጀመሬ በፊት ክላየንት ስለ ሴራሚክ ሲያወራኝ እኔ ከጠረጴዛ ስር ስለ ዳንቴል እጽፍ ነበር፣ ክላየንቱም አይቶኛል፣ አፈርኩ።

ግማሽ ቀብድ በቴሌብር ወይ በባንክ ሳይገባ ልክ አልጽፍም። ጓደኛ ብትሆንም፣ በተለይ ጓደኛ ከሆነች። ከዛ የጨርቁን ፎቶ፣ ሞዴሉን፣ ልኩን፣ የሚደርስበትን ቀን በአንድ መልዕክት ጽፌ «ተስማምቻለሁ» እንድትል አደርጋለሁ። ሬንደር (ቤቱ ሲያልቅ የሚመስለውን የኮምፒውተር ምስል) አሳይተን ሳናስፈርም ግድግዳ እንቀባለን እንዴ?

ሰዓቱ ሲሞላ ደግሞ «ለዚህ በዓል ሞልቶብኛል፣ ለሚቀጥለው ስም ልያዝልሽ?» በሉ። አትለማመጡ፣ ምክንያት አትዘርዝሩ፣ ምክንያት ከሰጣችሁ ትከራከራችኋለች።

10. ሳይት የሚሄድ ቦርሳና መብራት ሲጠፋ

ሳይት ላይ መጠበቅ አለ። ሴራሚክ ሰሪው መጣሁ ብሎ ሁለት ሰዓት፣ አናጺው «ታክሲ ውስጥ ነኝ»። ለዚህ ትንሽ ዚፕ ያላት ቦርሳ አለችኝ፣ ውስጧ ክር የገባበት መርፌ፣ ትንሽ መቀስ፣ ቁልፎችና አንድ ልብስ ብቻ። ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ ወይ ቡኒ ሱሪ ነው፣ ነጭ በጭራሽ፣ የጂፕሰም አቧራ ነጭ ቢሆንም ነጭ ጨርቅ ላይ ግራጫ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። የምሰራው ደግሞ መኪና ውስጥ ወይ ጥበቃው ጋ ተቀምጬ ነው፣ ፊኒሺንግ ያለበት ክፍል ውስጥ አይደለም። ክላየንቱ ሲመጣ ትንሿ ቦርሳ ትዘጋለች፣ ትልቁ ቦርሳዬ ውስጥ ትገባለች።

ቤት ውስጥም አንድ ፌስታል «መብራት የለም» የሚል ተጽፎበት በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። የእጅ እጥፋት፣ የቁልፍ ቤት፣ ጥለት መልቀም። በባትሪ መብራት ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ይታያል። ባለፈው ሐሙስ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲጠፋ ሦስት የክርስትና ቀሚስ እጥፋታቸው አለቀ፣ መብራቱ ሲመጣ 4 ሰዓት አልፏል፣ ከታች ያሉት እማማ ስላሉ መኪናውን አልነካሁትም።